መዶሻህን እቤትህ ትተህ ና!

የባህር ዳር ቧንቧ ሠራተኞች፣ ግድግዳችን ምን በደላችሁ?

የሻወር ሚክሰር፣ ያን ሙቁንና ቀዝቃዛውን ውሃ የሚቀላቅለውን ቧንቧ፣ አስቀይራለሁ ማለት እዚህ ከተማ ቤት አፈርሳለሁ ከማለት እኩል ሆኗል። ሰውዬው ይመጣል። ጫማውን አያወልቅም። ሚክሰሩን ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው፣ ሐኪም ደረት እንደሚመታ ሴራሚኩን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል። ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል፦ "እታለም፣ ይሄ ካልፈረሰ አይሆንም።"

ምኑ ነው የሚፈርሰው? ሚክሰሩ እኮ ውጪ ነው ያለው! በዓይናችን እያየነው! ሌላ ሰው ስጠራ ያው ነው። እሱም ኳ ኳ፣ እሱም "ይፈርሳል"። የተማከሩ ነው የሚመስለው።

በብዙ ቤት ያለው ሚክሰር ከግድግዳው ላይ የሚታሰር ነው። የሙቁና የቀዝቃዛው መውጫ መሀል ለመሀል 15 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ሱቅ ያለው አዲሱ ሚክሰርም ለዚሁ ልክ የተሠራ ነው። ትንሽ ቢዛነፍ እንኳ አብረውት የሚመጡ ጠመም ያሉ ማያያዣዎች አሉ፤ እነሱን ዞር ዞር ማድረግ ነው። ውሃውን ትዘጋለህ፤ የከተማውን መስመር ብቻ ሳይሆን የሮቶውንም። አሮጌውን ትፈታለህ፣ ጥርሱን ታጸዳለህ፣ ቴፍሎን የሚባለውን ነጭ ቴፕ ትጠመጥማለህ፣ አዲሱን ታስራለህ። በቃ! የሻወሩ ራስማ ከዚህም ይቀላል። ግማሽ ኢንች ጥርስ ነው፣ ብዙ ጊዜ በእጅ ይፈታል።

ግን በዚህ ገንዘብ አይገኝበትማ። ካፈረሰ የቀን ሂሳብ አለ፣ ሲሚንቶ አለ፣ "የሚያግዘኝ ልጅ" አለ። አፍርሶ ሲጨርስ ደግሞ "ሴራሚኩን ግንበኛ ፈልጊለት፣ የኔ ሥራ ቧንቧ ነው" ብሎ ይሄዳል። ያንን ሴራሚክ ከየት ነው የማመጣው? ቤቱ ሲሠራ የተገዛው ዓይነት ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ቅዳሜ ገበያን ዞሬ የሚመሳሰል ባገኝ እንኳ ቀለሙ አንድ አይሆንም። ተከራይ ለሆነ ሰውማ ጭራሽ አይታሰብም። አከራይዋ እማማ ሚስማር ስመታ እንኳ ድምፁን ሰምተው በር ላይ የሚቆሙ ሰው ናቸው።

ሱቁስ ቢሆን? ገና ስትገባ ያን ሰፊ፣ ዝናብ የሚያዘንበውን የሻወር ራስ ያወርዱልሃል። "ሆቴል ቤት ያለው ነው" ይሉሃል። ውሃህ ከየት ነው የሚመጣው ብሎ የሚጠይቅህ የለም። የውሃ ግፊት የሚለካው በባር ነው፤ 1 ባር የሚሞላው ውሃው 10 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው ነው። የኛ ሮቶ ደግሞ ከሻወሩ በላይ ቢበዛ 2 ሜትር ቢሆን ነው። 0.2 ባር ማለት ነው። በዚህ ጉልበት ያ ሁሉ ቀዳዳ ውሃ አይረጭም፣ ያለቅሳል። ፓምፕ ለሌለው ቤት ጠበብ ያለው፣ ከነቱቦው በእጅ የሚያዘው ይሻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ትልቁ ሐይቅ በራችን ላይ ተዘርግቶ እኛ በሚያዝያ ሙቀት በጠብታ እንታጠባለን!

ደግሞ ስንቱ ነው ደህናውን የሻወር ራስ "ተበላሽቷል" ተብሎ የጣለው? ቀዳዳው ላይ ነጭ ነገር ጋግሮበት እንደሆነ ኖራ ነው። ፈትቶ ኮምጣጤ ውስጥ ማሳደር ነው፣ ጠዋት በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፈተግ ማድረግ። ይህንን የነገረኝ ቧንቧ ሠራተኛ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤቴ ናት፣ ጠጅ ነጋዴ።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። "ግድግዳ ሳይነካ ሙቅ ውሃ" እያሉ የሚሸጡት፣ ራሱ ላይ ማሞቂያ ያለበት ሻወር አለ። 5,500 ዋት የሚለው በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ለብቻው መስመር፣ ለብቻው ማጥፊያ፣ የመሬት ሽቦም ይፈልጋል። ከአምፖሉ መስመር ቀጥሎልህ "ይሠራል እኮ" የሚልህን ሰው ከቤትህ አስወጣ። እርጥብ ሆነህ ራቁትህን ነው ከሥሩ የምትቆመው።

መቼም የማይፈርስ ግድግዳ የለም አላልኩም። ሚክሰሩ አካሉ ሙሉ በሙሉ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ መያዣው ብቻ ብቅ ያለበት ቤት አለ። እሱ ከነአካሉ ይቀየር ከተባለ መከፈቱ አይቀርም። የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን መጀመሪያ ውስጡ ያለችውን፣ ውሃውን የምትከፍትና የምትዘጋውን ካርትሪጅ ከፊት በኩል አውጥቶ መቀየር አለ። የድሮ ብረት ቧንቧ ውስጥ ለውስጥ ዝጎ ግድግዳው ከራሰም፣ እሺ፣ ይፈረስ፤ እኔም መዶሻውን አቀብላለሁ። የኔ ግድግዳ ግን ደረቅ ነው! ሚክሰሬ ውጪ ነው!

"ለምን ራስሽ አትቀይሪውም?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የድሮው ዝጎ ስለተጣበቀ ትልቅ ቁልፍ ይፈልጋል፣ እኔ ቤት ያለው ካቻቪቴ ነው። የሮቶው መዝጊያም ከማማው ጫፍ ላይ ነው።

አዲሱ ሚክሰር ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ተኝቷል። ቀበሌ 14 አካባቢ ቁልፍና ቴፍሎን ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ኳ ኳ የሚያደርግ እንዳትልኩብኝ።