ውዳሴ ለስፔስ ጠራጊዎች

አንዳንድ ሰው አለ፣ የሲስተም ሶፍትዌር ዶክመንቴሽን (መመሪያ) ሲከፍት እኛ የማናየውን የሚያይ። እኛ የምንከፍተው ቸግሮን ነው። ድራይቨሩ (ዕቃን ከኮምፒውተር ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ለምን አልነሳ አለ? ይህ ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) ሎክ፣ ማለትም ሌላው እንዳይገባ የሚዘጋ ቁልፍ፣ ተይዞ መጠራት ይችላል ወይስ ማሽኑን ደርቆ እንዲቀር ያደርገዋል? እንዲህ ያለ ተራ ነገር ፍለጋ። እሱ ግን ከዚህ ሁሉ ከፍ ብሏል። መስመሩ ምን እንደሚል አያነብም። መስመሩ መጨረሻ ላይ የተረሱ ሁለት ስፔሶች አሉ፣ እነሱን ያያል። በዓይን የማይታይን ነገር ማየት ለሁሉም አይሰጥም።

ይህ ጽሑፍ ይዘቱን ሳይነኩ የመመሪያን መልክ ብቻ ለሚያሳምሩት ለእነዚህ ሰዎች የቀረበ ምስጋና ነው። ትንሽ ዘገየ፣ ይቅር ይበሉን።

የሊኑክስ ከርነልን፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አስኳል፣ እንውሰድ። የከርነሉ ዶክመንቴሽን ለብዙ ዓመታት ሁሉም እንደመሰለው የጻፈው የቴክስት ፋይል ክምር ነበር። በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በከርነል 4.8 ከቴክስት ፋይል የዌብ ገጽ የሚያወጣው፣ ስፊንክስ የሚባለው መሣሪያ ገባ። ጽሑፉም ስፊንክስ በሚያነበው የአጻጻፍ ሥርዓት፣ በሪስትራክቸርድቴክስት፣ ይጻፍ ተባለ። በ2019 የቀሩት ፋይሎች በጅምላ ተቀየሩ። ያንን ሥራ በሠሩት ላይ አላሾፍም። አድካሚ ሥራ ነው፣ ዛሬ መመሪያውን በብራውዘር እየፈለግን የምናነበው በእነሱ ድካም ነው። የእኔ ጀግኖች ከኋላ የመጡት ናቸው።

በዚያ ዓመት አዲስ ልብስ ከለበሱት አንዱ የፍሎፒ ዲስክ ድራይቨር መመሪያ ነው። በዚያው ዓመት የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ድራይቨሩን «ወላጅ አልባ» ብሎ መዘገበው፤ የሚሠራ የፍሎፒ ዕቃ ማግኘት እየከበደ ነው ብሎ። ኋላ ሌላ ሰው ተረከበው እንጂ። ለጊዜው ግን ድራይቨሩ አሳዳጊ አጥቶ መመሪያው ርዕስ ከነንዑስ ርዕሱ አሟልቶ ነበር። ቀብር ላይም ቢሆን ሱፍ ያምራል።

ስፊንክስም ቢሆን ለጀግኖቻችን የተፈጠረ መሣሪያ ነው። ርዕስ ጽፈህ ከሥሩ የምታሰምረው መስመር ከርዕሱ ካጠረ ወዲያው ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ይሰጥሃል። ከርዕሱ ሥር የተጻፈው ነገር ከአሥር ዓመት በፊት የተሰረዘ ኦፕሽን ቢሆን ግን ትንፍሽ አይልም። ጨዋ ነው። በሰው ጉዳይ አይገባም።

ዋርኒንግ ካልን አይቀር፣ ጥበቡ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በከርነሉ ሲ ኮድ ውስጥ በስላሽና በሁለት ኮከብ የሚጀምር ኮሜንት (ኮዱ መሐል ለሰው የተጻፈ ማስታወሻ) ተራ ኮሜንት አይደለም። መሣሪያው አንብቦ ወደ ዶክመንቴሽን ይለውጠዋል። ፋንክሽኑ የሚቀበላቸው ፓራሜትሮች አንድ በአንድ ካልተብራሩ ዋርኒንግ ይወጣል። ሰነፍ ሰው ምን ያደርጋል? ቁጭ ብሎ ኮዱን ያነባል፣ ፓራሜትሩ ምን እንደሚሠራ ይረዳል፣ ከዚያ ይጽፈዋል። ሙሉ ቀን ይፈጅበታል። ጀግናችን ግን ከሁለቱ ኮከቦች አንዷን ያጠፋታል። አለቀ! አሁን ተራ ኮሜንት ሆነ። መሣሪያው አያነበውም፣ ዋርኒንጉም የለም። ፋንክሽኑ እንደ ትናንቱ ሳይብራራ ቀርቷል፣ ግን ማንም አይጮህም። በአንዲት ኮከብ እንዲህ ያለ ሰላም ማውረድ የቻለ ማን አለ?

ለኮከቧ የሚሳሳ ደግሞ ሌላ መላ አለው። «ዴቭ» የሚባል ፓራሜትር አልተብራራም ብሎ መሣሪያው ሲያማርር «ዴቭ፦ ዴቩ» ብሎ ይጽፋል። «ፍላግስ» ከሆነ «ፍላግስ፦ ፍላጎቹ»። ዋርኒንጉ ዝም ይላል፣ ሪፖርቱ አረንጓዴ ይሆናል። እውቀትም ተስፋፋ። ጣሪያው እያፈሰሰ ለበዓል ዋዜማ ግድግዳውን ኖራ የሚቀባ ቤተሰብ ይህን አሠራር በደንብ ያውቀዋል።

አንዳንድ ምቀኛ «ምን ጎዱህ? ስፔስ ቢጠርጉ ምን አለበት?» ይለኛል። ማን ጎዱኝ አለ? ያውም ብዙ ያስተምራሉ። አንዱ ጀግና ታብ አይወድም እንበል። መመሪያውን ከላይ እስከ ታች ሄዶ ታብ ያለበትን ሁሉ በስፔስ ተካው። ገጹ አማረ። መሐል ላይ ግን ሜክ ለሚባለው ፕሮግራም መገንቢያ መሣሪያ ትእዛዝ የሚጻፍበት የሜክፋይል ምሳሌ ነበረበት። ሜክ ደግሞ ትእዛዝ በሚጻፍበት መስመር መጀመሪያ ላይ ታብ ካላገኘ አይንቀሳቀስም፤ ጠባዩ ነው። አንባቢው ምሳሌውን ኮፒ አድርጎ ሲያስኬደው «ሴፓሬተር ጠፍቷል» የሚል ኤረር ይወጣበታል። በዓይኑ ከመመሪያው ጋር ቢያስተያየው ቁጭ አንድ ነው። እስከ ሌሊት ይፈልጋል። በዚያች ሌሊት ስለ ሜክ የሚማረውን የትኛውም ትምህርት ቤት አይሰጠውም።

ሌላው ጀግና ምሳሌ ትእዛዞቹ በኮድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ሲያይ ገጹ የተቆራረጠ ይመስለዋል። አውጥቶ ከጽሑፉ ጋር ያዋህዳቸዋል። ስፊንክስ ደግሞ ካልከለከሉት በተራ ጽሑፍ ውስጥ ያገኛቸውን ሁለት ተከታታይ ሰረዞች ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ይቀይራቸዋል፣ ለውበት ብሎ። ትእዛዙ ላይ የነበሩት ሁለት ሰረዞች አንድ ቆንጆ ሰረዝ ሆኑ። ተርሚናሉ ይህን ውበት አያውቅም፣ ባላገር ነው። «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ ይመልሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚል ካለ፣ እሱ የታይፖግራፊ ፍቅር ያልገባው ነው።

የ80 ፊደል ጉዳይም አለ። መስመር ከ80 ፊደል እንዳይበልጥ የሚለው ልማድ ወደ ኋላ ቢቆጠር እስከ አይቢኤም የወረቀት ካርድ ይደርሳል። 80 ዓምድ ያለው ካርድ የወጣው በ1928 ነው፣ ራስ ተፈሪ ንጉሥ በተባሉበት ዓመት። የከርነሉ ሰዎች በ2020 የመስመር ርዝመት ማስጠንቀቂያውን ወደ 100 ከፍ አደረጉት፣ 80 ምክር ሆኖ ቀረ። ጀግኖቻችን ግን ቃላቸውን አያጥፉም። አንዲት ቃል ትጨመርና አንቀጹ በሙሉ እንደገና በ80 ይታጠፋል። አሥራ አምስት መስመር ቀይ (የወጣ)፣ አሥራ አምስት መስመር አረንጓዴ (የገባ)። የተለወጠችው ቃል የትኛዋ እንደሆነች የሚያገኝ ሰው ሽልማት ሊሰጠው ይገባል።

ሽልማትስ ቢሆን ነበር። ሃክቶበርፌስት የሚባለው ዘመቻ በየኦክቶበሩ ፑል ሪኩዌስት (ለሰው ፕሮጀክት የቀረበ የለውጥ ጥያቄ) ለሚልክ ሰው ቲሸርት ይሰጥ ነበር። በ2020 አራት ብትልክ ይበቃህ ነበር። ያን ጊዜ የዓለም ሪድሚ ፋይሎች (የፕሮጀክት መግቢያ ገጾች) ያላዩት ፍቅር የለም። ሰው ገብቶ «አሜዚንግ ፕሮጀክት» ብሎ ጽፎ ይወጣል፣ የለውጡንም ርዕስ «ዶክመንቴሽን ማሻሻል» ይለዋል። ወሩ ሦስት ቀን ሳይሞላው አዘጋጆቹ ሕጉን ቀየሩ፤ ፈቃደኛ ነኝ ያለ ፕሮጀክት ብቻ ይሳተፍ ተባለ። በ2023 ደግሞ ቲሸርቱ ራሱ ቀረ። ሰው አድናቆቱን እንዳይገልጽ እንዲህ ተከለከለ።

የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊትም ውለታ ቢስ ሆኗል። ጊት ብሌም የሚባለው ትእዛዙ እያንዳንዱን መስመር ለመጨረሻ ጊዜ የነካው ማን እንደሆነ ያሳያል። ስፔስ የጠረገ ሰው የፋይሉ ባለቤት ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ኮዱን በ2005 የጻፈው ሰውዬ ስሙ ከሥር ተቀብሮ፣ ጀግናው ከላይ ይነግሣል። ቆንጆ ሥርዓት ነበር። በ2019 የወጣው ጊት 2.23 ግን የተወሰኑ ኮሚቶችን (የተመዘገቡ ለውጦችን) ዝርዝር ሰጥተህ «እነዚህን አትቁጠር» የምትልበትን መንገድ አመጣ። ማን እንዲዘለል ታስቦ እንደተሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ደግነቱ፣ ዝርዝሩን ጽፎ ለማስቀመጥ የሚተጋ ሰው ብዙ አይደለም።

ይዘት ማረም ምን ያህል ጣጣ እንዳለው ለማየት አንድ የዋህ ሰው በሐሳባችን እናስነሳ። መመሪያው አንድን ፋንክሽን «ኢንተረፕት ውስጥ መጥራት ይቻላል» ይላል። ፋንክሽኑ ግን ሊተኛ፣ ማለትም አንድ ነገር እየጠበቀ ሊቆም ይችላል፤ ኢንተረፕት (ዕቃ ፕሮሰሰሩን ድንገት ሲያቋርጠው) ውስጥ ከተጠራ ማሽኑ ሊደርቅ ይችላል። የዋሁ ኮዱን አንብቦ፣ ሞክሮ፣ አረጋግጦ ዓረፍተ ነገሩን አረመ። መጨረሻው ላይ የጎደለች ነጥብም ስለነበረች ጨመራት። ላከ።

መልስ መጣ። የርዕሱ መነሻ ላይ የሰብሲስተሙ (የከርነሉ ክፍል) ስም የለም። አስተካክሎ በድጋሚ ላከ። መስመሩ ረዝሟል ተባለ። አጠፈና ላከ። አሁን ደግሞ አንድ ፓች (የሚላክ ለውጥ) አንድ ነገር ብቻ ነው መያዝ ያለበት ተባለ፤ ነጥቧን ለብቻ፣ ይዘቱን ለብቻ። ሕጉ ትክክል ነው፣ ማንም አይከራከርም። ለሁለት ከፍሎ ላከ።

የነጥቧ ፓች በዚያው ቀን ገባች። ሁለት ሰዎች «አይቼዋለሁ» ብለው ፈረሙላት፣ አንዱም አመሰገነ። የይዘቱን ፓች ግን ሜይንቴይነሩ (የክፍሉ ኃላፊ) በጥንቃቄ ያዘው። ትልቅ ነገር ነው፣ ይህን ፋይል በደንብ የሚያውቅ ሰው ይየው አለ። ማን እንደሚያውቀው ለማጣራት ጊት ብሌም አስኬደ፣ የወጣለትን ስም ሲሲ አድርጎ ላከለት።

ጀግናችን በደቂቃ መለሰ። «ይዘቱን አላውቀውም፣ ጥሩ ይመስላል። ሦስተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ግን ስፔስ አለ።»