ስድቡን ተዉት፣ ክርክሩን ግን አትተዉ

ተራራ የምትወጡ፣ ጫካ ገብታችሁ ድንኳን የምትተክሉ፣ ወንዝ ዳር ዓሣ የምታጠምዱ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። እኔም ከእናንተው አንዱ ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ማታ እሳት ዙሪያ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ሥራ ማቆም አድማ አንድ ነገር ያነሳል። ሌላው «የሠራተኛ ማኅበር የሰነፎች መደበቂያ ነው» ይላል። ሦስተኛው «አንተ የሀብታም አሽከር» ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም፤ ስድብ ብቻ ነው። ያ ሰው ምን ሠርቶ እንደሚኖር፣ በሥራው ላይ ምን እንደደረሰበት፣ ለምን እንደዚያ እንዳሰበ የሚጠይቅ አይገኝም። አብረው የበሉ ሰዎች ጠዋት ሰላም ሳይባባሉ ድንኳናቸውን ይነቅላሉ። በመሀል ደግሞ አንዱ ይነሳና «የመጣነው ለመዝናናት ነው፣ ፖለቲካችሁን ቤታችሁ ተዉት» ይላል። ሁሉም ያመሰግነዋል።

ሁለቱንም ተዉ ነው የምላችሁ። ስድቡንም፣ ዝም በሉ ማለቱንም። እንዲያውም ሁለተኛው ይብሳል ባይ ነኝ። ስድብ ነውር መሆኑን ተሳዳቢው ራሱ ያውቀዋል። ዝም ማሰኘት ግን ጨዋነት ስለሚመስል ማንም አይነቅፈውም።

እስቲ ተራራ የምትወጡበትን ቀን አስቡት። ከየት መጣ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የፋብሪካ ሠራተኛ በቀን 12 ሰዓት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ፣ በሳምንት 6 ቀን ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ተራራን የሚያየው በመስኮት ነው፤ ያውም መስኮት ካለው። እ.ኤ.አ. በ1856 የሜልበርን ድንጋይ ጠራቢዎች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ሰልፍ ወጡ፤ ጥያቄያቸው በቀን 8 ሰዓት ብቻ እንሥራ የሚል ነበር፤ አገኙትም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1886 በቺካጎ ለዚሁ ጥያቄ ሰው ሞቷል። በ1919 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሲቋቋም የመጀመሪያው ስምምነቱ በኢንዱስትሪ ውስጥ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይለፍ የሚል ሆነ። በ1936 ደግሞ የፈረንሳይ ሠራተኞች ፋብሪካዎቹ ውስጥ ተቀምጠው አድማ መቱና በዓመት 2 ሳምንት ደመወዝ የማይቆረጥበት ዕረፍት በሕግ ተፈቀደ። በዚያ ክረምት ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ብዙ ቤተሰቦች ነበሩ።

ስለዚህ «ፖለቲካ እዚህ አታምጡ» የምትሉ ወገኖቼ፣ ፖለቲካው ከእናንተ በፊት እዚያ ደርሷል። ቀኑን የሰጣችሁ እሱ ነው። መንገዱንም ቢሆን።

በእንግሊዝ ኪንደር ስካውት የሚባል ከፍተኛ ቦታ አለ። በ1930ዎቹ የአንድ መስፍን የወፍ ማደኛ ስለነበር ተራ ሰው እግሩን እንዳያሳርፍበት ዘበኞች ይጠብቁት ነበር። ኤፕሪል 24 ቀን 1932 ወደ 400 የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የማንችስተርና የአካባቢዋ ወጣት ሠራተኞች፣ ክልከላውን ጥሰው ወጡ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ቤኒ ሮትማን ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር። ከዘበኞቹ ጋር ተጋፉ፤ 5ቱ ታሰሩ። ሮትማን 4 ወር ተፈረደበት። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በዘመኑ የነበሩት ትልልቅ የእግር ተጓዦች ማኅበራት ድርጊቱን ተቃውመውት ነበር። በትዕግሥት የያዝነውን ድርድር ታበላሹብናላችሁ አሉ። እነሱም የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ክርክሩ የምር ነበር። በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ወጣ፤ በ1951 ያ አካባቢ የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ገባ። በ2002፣ ከ70 ዓመት በኋላ፣ የዚያ መስፍን የልጅ ልጅ በሕዝብ ፊት ቆሞ አያቱ ያደረጉት ስህተት እንደነበር ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ሁሉም በ1932 «እኛ የመጣነው ለመዝናናት ነው» ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ይቅርታውም ሆነ መንገዱ እንዴት ይመጣ ነበር?

ዝምታ ገለልተኛ ነው ብላችሁ ደግሞ አትታለሉ። የጀርመንና የኦስትሪያ የተራራ ክበብ በ1924 ዶናውላንድ የተባለውን ቅርንጫፉን አባረረ፤ አባላቱ በብዛት አይሁድ ስለነበሩ። ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ ከ8 ዓመት በላይ በፊት ነው ይህ የሆነው። በዚያ ክበብ ውስጥ እኛ ተራራ ወጪዎች ነን፣ ሌላው አይመለከተንም ያሉ ስንት ሰዎች እንደሚኖሩ አስቡት። ሠራተኞች በ1895 በቪየና ያቋቋሙት የተፈጥሮ ወዳጆች ማኅበር ደግሞ፣ ደሃው ሰው ተራራ ላይ የሚያድርበትን ጎጆ ሲሠራ ቆይቶ፣ ጀርመን ውስጥ በ1933 ታገደ፤ ጎጆዎቹም ተወረሱ። ተራራውም ላይ ቢሆን ጎራው ተለይቶ ነበር።

አሁን ወደ ተሳዳቢዎቹ ልምጣ።

በ2013 ኤቨረስት ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ሼርፓዎች፣ በኔፓል ተራሮች የሚኖሩትና ለተራራ ወጪዎች በመሥራት የሚታወቁት፣ ከፍ ካለው የበረዶ ግድግዳ ላይ ለሁሉም የሚያገለግል ገመድ እየዘረጉ ነበር። እስክንጨርስ ማንም ከላያችን እንዳይወጣ ብለው ነበር። ሦስት አውሮፓውያን ግን ወጡ፤ ገመዳችሁን አንነካም፣ መንገዳችን ሌላ ነው ብለው። በረዶ ወረደብን፣ አልወረደም በሚል ጭቅጭቅ ተነሳ። በመሀል ከአንዱ አውሮፓዊ አፍ በኔፓልኛ አንድ ጸያፍ ስድብ ወጣ። ከዚያ በኋላ ታች ካምፕ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ድንጋይ አነሳ፤ ሦስቱ ነፍሳቸውን ይዘው ሸሹ። ድንጋይ ማንሳቱን ማንም ደግ ሥራ አይለውም። ግን ጥያቄው የሥራ ጥያቄ ነበር። በማን የሥራ ቦታ ላይ ማን ያዝዛል የሚል፤ ቁጭ ብለው ሊነጋገሩበት የሚችሉት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለዚህ ነው።

በዓመቱ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2014፣ በዚያው ተራራ ሥር በኩምቡ የበረዶ መተላለፊያ ላይ ናዳ ወረደ። 16 ኔፓላውያን ሞቱ። ሁሉም ሥራ ላይ ነበሩ። ያ ቦታ በረዶው ቀን ከሌት የሚንቀሳቀስበት ስለሆነ ሰው የሚያልፈው ገና ሳይነጋ ነው። ከፋዩ ደንበኛ ጥቂት ጊዜ ብቻ ያልፍበታል፤ ሠራተኛው ግን የደንበኛውን ድንኳን፣ ምግብና ኦክሲጅን ተሸክሞ ደጋግሞ ይመላለስበታል። ለሟች ቤተሰብ መንግሥት መጀመሪያ ያቀረበው 40 ሺህ የኔፓል ሩፒ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ወደ 400 ዶላር። ሼርፓዎቹ ካምፑ ላይ ተሰበሰቡ። የኢንሹራንሱ ገንዘብ ይጨመር፣ ለተጎዱ መርጃ ፈንድ ይቋቋም አሉ። ብዙዎቹም ዘንድሮ አንወጣም ብለው ወረዱ፤ በኔፓል በኩል ወቅቱ ከሞላ ጎደል በዚያው አበቃ። አንዳንድ ደንበኛ ያጠራቀመው ገንዘብና የዓመታት ሕልሙ ቀረበት። ሐዘኑ ይገባኛል። ግን «ፖለቲካ አደረጉት» ብሎ የተቆጣውን አይገባኝም። ጓደኛህ በረዶ ሥር ተቀብሮ ሳለ ነገ እዚያው ላይ ተራመድ ስትባል «አልራመድም» ማለት ምን ነውር አለበት? ብቻህን ካልከው ትባረራለህ። አብራችሁ ካላችሁት ሰው ይሰማችኋል። የሠራተኛ ማኅበር ማለት እኮ መነሻው ይኸው ነው።

እና ማታ እሳት ዙሪያ ስለ ማኅበር ስትጨቃጨቁ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ድስት የሚያጥበውን ሰው አስታውሱት። ዕቃችሁን የተሸከመውን። ይሰማችኋል። መልስ ሊሰጥ ግን አይችልም፤ ምክንያቱም ቲፑ በእጃችሁ ነው፣ የሚቀጥለው ሥራው ደግሞ በአለቃው እጅ። አንዱ «እነዚህ ሰዎች ደስተኛ ናቸው፣ ማኅበር ምን ያደርግላቸዋል» ይላል፤ ሌላው «እነዚህ ሰዎች ተበዝብዘዋል» ይላል። ሁለታችሁም እሱን አልጠየቃችሁትም። በሰው ፊት ስለዚያው ሰው እንደሌለ አድርጎ መናገር ንቀት ነው፤ ለእሱ የቆማችሁ ቢመስላችሁም። መጠየቅ ካስፈለገ አለቃው በሌለበት፣ ለብቻው፣ መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት ነግራችሁ ጠይቁት። ተራሮቿን በሚያቋርጠው ጥንታዊ የእግር መንገድ፣ በኢንካ መንገድ ላይ፣ ፔሩ በ2001 ባወጣችው ሕግ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይጫን ከለከለች። ኪሊማንጃሮ ላይም ወሰኑ 20 ኪሎ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተጻፉት ከዚያ በላይ ይጫን ስለነበር ነው። ወሰን በወረቀት መኖሩ ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ ቦርሳው በየጊዜው መመዘን አለበት፣ መዛኙም ተሸካሚው የሚያምነው ሰው መሆን አለበት። ይህን በአካል የምታዩት እናንተ ናችሁ።

ለማኅበር የምትቆሙም፣ እናንተንም አልምራችሁም። የሚጠራጠራችሁን ሁሉ የባለ ሀብት ሎሌ አድርጋችሁ አትዩት። ማኅበራት የራሳቸው ኃጢአት አለባቸው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ማኅበራት ለረጅም ዘመን ጥቁር ሠራተኛን በራቸው ላይ መልሰዋል። መሪው እስኪያረጅ ወንበሩን የማይለቅበት፣ መዋጮው የት እንደገባ የማይታወቅበት ማኅበርም አለ። ይህን አይቶ የሸሸ ሰው ካጋጠማችሁ ስሙት። ምናልባት ስለ ማኅበር ከእናንተ የበለጠ ያውቃል።

ደግሞ እኛ ተፈጥሮ ወዳዶች ሁልጊዜ ከሠራተኛው ጎን እንደቆምን አድርገን አናውራ። በ1990 በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ አንዲት የጉጉት ዝርያ ከአደጋ እንድትጠበቅ በሕግ ተመዘገበች፤ ያረጀው ጫካ መቆረጥ ተገደበ። እንጨት ቆራጩና የመሰንጠቂያው ሠራተኛ ተቆጣ፤ የእግር ተጓዡ ደስ አለው። ጫካው መጠበቅ ነበረበት፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። የእንጨቱ ሥራም መቀነስ የጀመረው በጉጉቷ ምክንያት ብቻ አልነበረም፤ ማሽን የሰው እጅ መተካት ከጀመረ ቆይቶ ነበር። ግን አንድ ከተማ ሙሉ እንጀራው ሲቋረጥ ማየትና «ዛፉ ተረፈልን» ብሎ ብቻ ማለፍ ልብ ማጣት ነው። ከቆራጩ ማኅበር ጋር ቀድሞ የተቀመጠ፣ ሰዎቹ ነገ ምን ሠርተው ይኑሩ ብሎ የጠየቀ ተፈጥሮ ወዳድ ቢበዛ ኖሮ ያ ሁሉ ጥላቻ ባልተከመረ ነበር።

እንዴት እንከራከር ለምትሉኝ፣ ገመድ ላይ ሳላችሁ አይሆንም። አየሩ ሲከፋ፣ ሰው ሲደክም፣ መንገዱ ሲጠፋ አይሆንም። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ውሳኔና ንጹሕ አእምሮ ነው። ካምፕ ደርሳችሁ፣ በልታችሁ፣ ከዚያ ተከራከሩ። ዘጠኝ ሆናችሁ በአንዱ ላይ አትውረዱ። ከእናንተ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው አንድ ብቻ ከሆነ ሁለት እጥፍ ጊዜ ስጡት። ስለ መንግሥትና ስለ ፓርቲ ከመዝለላችሁ በፊት ሥራውን ጠይቁት፤ ስንት ሰዓት ይሠራል፣ ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል፣ አቤት የሚልበት አለው ወይ። አብዛኛው ሰው ስለ ፓርቲ ሲጠየቅ ይጮሃል፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን ያወራል።

የመጨረሻው ነገር የሚከብደው ነው። አንድ ቀን አድማው በእናንተው ጉዞ ላይ ይወድቃል። በዲሴምበር 2024 መጨረሻ በአሜሪካ ዩታ ግዛት በፓርክ ሲቲ የበረዶ መንሸራተቻ ወደ 200 የሚሆኑ የነፍስ አድን ሠራተኞች፣ የበረዶ ናዳ አደጋን የሚከላከሉትና ቁስለኛ የሚያወርዱት፣ በዓመቱ ዋና የበዓል ሰሞን ሥራ አቆሙ። አብዛኛው ቦታ ሳይከፈት ቀረ። ገንዘቡን አስቀድሞ የከፈለ ቤተሰብ ለሰዓታት ተሰልፎ ዋለ። አድማው ከ2 ሳምንት ላነሰ ጊዜ ቆይቶ በጃንዋሪ 8 በስምምነት አለቀ፤ የመነሻ ደመወዛቸው በሰዓት ከ21 ወደ 23 ዶላር ከፍ አለ። እንዲህ ያለ ቀን ሲደርስባችሁ መናደዳችሁ አይቀርም፤ ተናደዱ። ግን በር ላይ ጽሑፍ ይዞ የቆመውን ሰው ከመሳደባችሁ በፊት ቀርባችሁ ምን እንደሚጠይቅ አድምጡት፤ ከዚያ ገንዘባችሁን የተቀበለውን ኩባንያም ለምን እንዳልተስማማ በጽሑፍ ጠይቁ። ከሁለቱም መልስ ይዛችሁ ተመለሱና እሳቱ ዙሪያ ያኔ እንከራከር።