ይድረስ ለክቡር ፌስታል፤ ባሉበት፣ ማለትም በሁሉም ቦታ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከደብረ ብርሃን ብርድ በስተቀር ደህና ነኝ። «ከናፍቆትዎ በስተቀር» እንዳልል፣ መቼ ተለያይተን እናውቃለን? ይህን ስጽፍ እንኳ በመስኮቱ እያየሁዎት ነው። ከጓሮዬ ባህር ዛፍ ጫፍ ላይ ከገና ጀምሮ ተሰቅለው ይውለበለባሉ። መጀመሪያ ጥቁር ነበሩ፤ ፀሐዩ አመድማ አደረገዎት። አንድ ሰሞን የሰፈሩ ልጆች ቁራ መስለዋቸው በወንጭፍ ሞክረውዎት ነበር። ወንጭፍ ምን ያደርግዎታል!

«ክቡር» ያልኩዎት ለወጉ አይደለም። በዚህ ከተማ እንደ እርስዎ የተከበረ የለም። አራስ ጥየቃ ያለ እርስዎ አይኬድም። በሽተኛ ያለ እርስዎ አይጠየቅም። ከብርቱካኑ በፊት የሚታዩት እርስዎ ነዎት። ቤት ሲደርሱም አይጣሉም። ባለቤቴ አጣጥፋ ሌላ ፌስታል ውስጥ ትከትዎታለች። ያንን ቋጥራ ከፍራሹ ስር ትሸጉጣለች። ገንዘባችንን እንኳ እንዲህ አላስቀመጥንም። (ለመሸጎጥ የሚበቃ ገንዘብም የለን፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ጠባችን የጀመረው በፋሲካ ነው። በግ ልገዛ ወጣሁ። የመንዝ በግ። ላቱን ጨበጥኩ፣ ጀርባውን ዳበስኩ፣ እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ላቱ ሳሳ ብሏል፤ ሆዱ ግን ነጋሪት ነው። ሻጩ «ጋሼ፣ ሆዱን ይዩልኝ እንጂ! ገብስ የጠገበ ነው» አለኝ። አየሁለት። ገዛሁት።

ሌሊት ታረደ። ባለቤቴ ለዱለቱ ብላ ጨጓራውን ስትከፍት ጮኸች። እርስዎ ነበሩ። ያውም ከነቤተሰብዎ! ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ አንድ ቢጫ፣ እርስ በርስ ተጠማዝዘው ገመድ ሆነዋል። በግ መቼም ወዶ አይበላዎትም። ጨው ወይ የምግብ ትራፊ ይሸተውና ከነማሸጊያው ይጎርሰዋል። እርስዎ ደግሞ አንዴ ከገቡ አይፈጩ፣ አይወጡ። ጨጓራውን ይዘው ይቀመጣሉ። እንስሳው ሆዱ ሞልቶ ይራባል። ለካ ላቱ የሳሳው ለዚህ ኖሯል! በግ ብዬ ተከራክሬ የገዛሁት እርስዎን ነው። በዚያ ሌሊት ዱለት አልተበላም። 55 ቀን ጾሞ ከወጣ ሰው ዱለት መቀማት ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ምን ያደርጋል፤ እርስዎ አይጾሙ፣ አይበሉ።

በማግስቱ ማልኩ። ከእንግዲህ ፌስታል ቤቴ አይገባም አልኩ። ከቆጡ ላይ የእናቴን ዘንቢል አወረድኩና ገበያ ወጣሁ።

ወንድ ልጅ ዘንቢል ይዞ ገበያ ሲገባ አይተው ያውቃሉ? አንዷ ባለጉልት «ምነው ጋሼ፣ እመቤቲቱ አመማቸው እንዴ?» አለችኝ። ሌላዋ ከልቧ አዝና «ፌስታል የለም ብለው ነው? ኧረ ሞልቷል!» አለችኝ። ሽንኩርቱን «ዘንቢሉ ውስጥ ገልብጭው» አልኳት። «ከቲማቲሙ ጋር ሊቀላቀል?» ብላ በእርስዎ ቋጠረችው። ቲማቲሙ እንዳይፈርጥ በእርስዎ ገባ። ቃሪያው ትንሽ ስለሆነ ስሱ ተመረጠለት። በርበሬው እንዳይደፋ ሁለት ተደረበለት። ጎመኑን እንኳ በእጄ ይዤ አመልጣለሁ ብዬ ነበር፤ «አዋራ ይነካዋል» ተባልኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ደግ ባለሱቅ ደመናውን ቀና ብሎ አየና «ዘንቢልዎ ዝናብ እንዳይመታብዎት» ብሎ ዘንቢሉን ራሱን በትልቅ ኩርቱ ፌስታል ከተተልኝ። በነፃ። ምርቃት ነው።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ አንድ በአንድ አጣጥፋ ወደ ፍራሹ ስር ሸኘችዎት። ምንም አላለችኝም። ዝምታዋን ግን ሰማሁት።

መንግሥትም ቢሆን ዝም አላለዎትም። በ1999 ዓ.ም. በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ፣ ውፍረትዎ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ፣ የሚበሰብሱ ካልሆኑ በቀር፣ እንዳይመረቱም ከውጭ እንዳይገቡም ተከልክለው ነበር። እርስዎ ግን ከመቅጠንዎ የተነሳ በአንቀጾቹ መሃል ሾልከው አለፉ። ደግሞስ የትኛው ባለጉልት ናት 0.03 የምትለካበት መሣሪያ ያላት? በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ይዞዎት የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል ይላል። ዜናውን የሰማሁት ሻይ ቤት ነው። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ «ይገባል! አገር ጠፋ እኮ!» አለና ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ ትኩስ ፓስቲውን በፌስታል አስቋጥሮ ወጣ።

እኛ አገር ትውልድ መቁጠር ወግ ነው። የእርስዎን ብንቆጥር ሰባት ቤት ሳንሄድ ነዳጅና ጋዝ ላይ እንደርሳለን። ለዚህ ነው መሬት የማይቀበልዎት። አይበሰብሱም፣ ይበጣጠሳሉ እንጂ። አንዱ ሺህ ይሆናል።

አያቴ የመንዝ ሰው ነበረች። ባናዋ ከበጓ ፀጉር ነው። እህሏ ስልቻ ውስጥ ነው። እረኛ በዝናብ የሚለብሰው ገሳ ከሣር ይሠራ ነበር። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የደጋ ምድሩን ሣር ከ400 ዓመት ገደማ ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ኖሯል። አንዳንዴ ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ሳይፈቀድ ያጨደ ይቀጣል። ይኸው ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አለበት። ያን ሁሉ ሣር ዘብ ቆሞ የጠበቀ ሰው ልጅ፣ እኔ፣ አንዲት ስስ ላስቲክ ከቤቴ ማስወጣት አቃተኝ። ባለፈው ክረምት ደግሞ አንድ እረኛ አየሁ። ገሳ የለም። እርስዎን አናቱ ላይ አጥልቆ በበጎቹ መሃል ቆሟል። በጎቹ አሻቅበው እያዩዎት ነበር። አስተያየታቸው አላማረኝም።

ውለታዎንም አልክድም። ሐምሌ ላይ ጫማዬን ከጭቃ ያዳኑኝ እርስዎ ነዎት። ልጄ የመጀመሪያ ጎሉን ያገባው ካልሲ ውስጥ በተጠቀጠቀ ፌስታል ነው። በዚያው ሐምሌ ቱቦውን ደፍነው ጎርፉን ሳሎኔ ድረስ ይዘው የመጡትም እርስዎ ነበሩ፤ ሶፋው እስካሁን ይሸታል።

የጎረቤቴ ግን ከሁሉም ባሰ። ኩበቱ እርጥብ ነው ብላ እርስዎን እየለኮሰች ታቀጣጥላለች። መርዝ ነው ብዬ ነገርኳት። «እንግዲያው አንተ ደረቅ እንጨት አምጣልኛ!» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ጭሱ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ዓይን ያቃጥላል። ቡናው ሲፈላ ትጠራኛለች። ሄጄ እያሳለኝ እጠጣለሁ። ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልነሳም።

ብዙ የምለው ነበረኝ። በሩ ተንኳኳ። የዚያችው የጎረቤቴ ልጅ ናት።

«እማዬ አንድ ፌስታል ካላችሁ ብላለች።»

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ፍራሹን አነሳሁ።

«ስስ ነው ኩርቱ?»