ማስተካከያ፦ ራዳር ጠቋሚና የሌዘር መለኪያ
ስለ መኪና ራዳር ጠቋሚ (የፖሊስ የፍጥነት መለኪያ ሲኖር ሾፌሩን የሚያስጠነቅቅ ዕቃ) ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «ጥሩ ጠቋሚ የሌዘር መለኪያንም ከሩቅ ቀድሞ ይነግራል» ተብሎ ነበር። ይህ ትክክል አይደለም።

ጠቋሚው ራሱ ምንም አይልክም፤ ሞገድ ተቀባይ ነው። የፖሊስ ራዳር ሞገድ እየሰፋ ይሄዳል። ከፊታችሁ ያለው መኪና ሲለካ የተረፈው እናንተ ጋ ይደርሳል፤ ማስጠንቀቂያው የሚገኘው ከዚያ ነው። በሌዘር ብርሃን ፍጥነት የሚለካው የፖሊስ መሣሪያ ግን ሌላ ነገር ነው። 300 ሜትር ርቆ እንኳ የጨረሩ ስፋት 1 ሜትር ገደማ ነው፤ አንዷን መኪና ለይቶ ይመታል። ጠቋሚው ሲጮህ ብዙውን ጊዜ ፍጥነታችሁ ተለክቷል፣ አለቀ።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «ሌዘር» ስለተጻፈ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ። ከ33.4 እስከ 36 ጊጋኸርዝ ያለውን የኬኤ ባንድ (ብዙ የፖሊስ ራዳሮች የሚጠቀሙበትን የሞገድ ክልል) አጥርቶ የሚቀበል ይሻላል። የፖሊስ ራዳርን ከሌላ ሞገድ የሚለየውን ማጣሪያውንም አደራ እዩት፤ የብዙ መኪኖች የጎን ሴንሰር በ24 ጊጋኸርዝ አካባቢ፣ የፖሊስ ራዳርም በሚጠቀምበት በኬ ባንድ ይሠራል። ማጣሪያው ደካማ ከሆነ በየደቂቃው ይጮሃል፣ ሰውም ሰልችቶት ያጠፋዋል።

ሕጉንም ቀድማችሁ ጠይቁ። በአንዳንድ አገሮች ዕቃው መኪና ውስጥ መገኘቱ ብቻ ያስቀጣል።