«ካሜራሽ ምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ስንት ብር ያስከፍላል?

ዛሬ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። የቅዳሜውን ቀለበት ጉድ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ስታንዱን ተክዬ፣ ጃንጥላውን ዘርግቼ፣ ትሪገሩን (ፍላሹን ከሩቅ ያለ ገመድ የሚያስበራውን) ካሜራው ላይ ሰክቼ ሹተር ስጫን ፍላሹ ዝም። ድንጋይ ቀየርኩ፣ ዝም። ቻናል ቀየርኩ፣ ዝም። ታናሽ ወንድሜ ስታንዱን እንዳቀፈ ያየኛል፣ አዳራሹ ሁሉ ያየኛል። በመጨረሻ የካሜራዋን የራሷን ትንሽ ፍላሽ ከፍቼ ሠራሁ። የሙሽሪት አክስት መጥተው ካሜራው ላይ አዩና «ልጄ፣ ነጠላዬ እንጂ እኔማ የለሁበትም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው! ፍላሽ ከካሜራው ላይ ፊት ለፊት ሲተኮስ ነጠላው በረዶ ይሆናል። ካሜራው ደግሞ ነጩን አይቶ ብርሃኑን ሲቀንስ የእኛ ፊት ይጨልማል፣ ግንባር ብቻ ያብለጨልጫል። ፍላሹን ከካሜራ ለይቼ፣ በጃንጥላ አለስልሼ፣ ከጎን ላብራው ያልኩት ዘመናዊ ለመምሰል አይደለም። ለእኚህ እናት ፊት ነው። የጥለታቸው ቀለምም፣ የፊታቸው ወዝም አንድ ላይ እንዲታይ ነው። ሁለት ዓመት ለሰው ስታንድ ተሸክሜ ያጠራቀምኩትን 22 ሺህ ብር ያወጣሁትም ለዚህ ነው።

እሁድ ዕለት አንድ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። ያንኑ ትሪገር በፈረንጆቹ 2011 የወጣችው አሮጌ ካኖን 600ዲ ካሜራ ላይ ሰካው። ቧ! በመጀመሪያው በራ። የእኔን 2000ዲ ገልብጦ ፍላሽ የሚሰካበትን ቦታ አሳየኝ። መሀል ላይ መኖር የነበረበት ትልቁ ነጥብ የለም። አልተሰበረም፣ አልዛገም፣ ከፋብሪካው ሲወጣም አልነበረም። ካኖን 2000ዲ፣ 4000ዲ፣ 250ዲ ሦስቱም እንደዚህ ናቸው። የካኖን ፍላሾች በሌሎቹ ትንንሽ ነጥቦች በኩል ከካሜራው ጋር ስለሚግባቡ ችግር የለባቸውም። ከሥሩ አንዲት ፒን ብቻ ያለችው ርካሽ ትሪገር ግን እዚያ ላይ ስትሰካ የምትነካው ነገር የላትም። ትእዛዙ በምን ይድረሳት?

እሺ፣ አላወቅኩም። ጀማሪ ነኝ፣ ላውቅ የምችልበት መንገድ አልነበረም። የሸጠልኝ ሰውዬ ግን? እዚያው ሱቅ መደርደሪያ ላይ 2000ዲ በካርቶኑ ተደርድሯል! ካሜራውንም እሱ ነው የሚሸጠው፣ ትሪገሩንም እሱ ነው የሚሸጠው። «ካሜራሽ ምንድነው?» ሁለት ቃል ናት።

ዛሬ ጠዋት ተመለስኩ። ገንዘቤን እንኳ አልጠየቅኩም፣ ትሪገሩን ለካሜራዬ በሚሆን ለውጥልኝ ልል ነው። ወንድሜ አብሮኝ ነበር። እኔ ስናገር ሰውዬው የሚያየው ወንድሜን ነው።

«ወንድም፣ ምን ሆነባችሁ?»

ወንድሜ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። የመጣው ዕቃ ሊሸከምልኝ ነው። «የእሷ ነው፣ እሷን ይጠይቋት» አለ፣ እግዜር ይስጠው። ሰውዬው ትሪገሩን ተቀበለኝና የሙከራ ቁልፏን ተጫነ። ቧ! ፍላሹ በራ።

«ይኸው! ይሠራል እኮ!» አለ፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ። አንዴ አልበቃውም። ቧ! ቧ! ቧ! ዓይኔ ሥር!

«ጋሼ፣ በእጅ ሲጫኑት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ካሜራው ላይ ሰክተው ያንሱበት።»

«እንግዲያው ካሜራሽ ተበላሽቷል።»

«አልተበላሸም። የመሀል ነጥብ የለውም፣ ይዩት።»

«ሹተርሽን ከ200 በላይ አድርገሽው ነው።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። 2000ዲ ከፍላሽ ጋር የምትሄደው እስከ 1/200 ሰከንድ ነው፣ ልክ ነው። ከዚያ ካለፈ የሹተሩ መጋረጃ ሙሉ በሙሉ ስለማይከፈት ፎቶው ላይ ጥቁር ሰንበር ይመጣል። ሰንበር የሚመጣው ግን ፍላሹ በርቶ ነው! የእኔ ጭራሽ አልበራም። ይህንኑ በትሕትና አስረዳሁት። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወደ ወንድሜ ዞሮ «ዩቲዩብ ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው» አለው! ቀጥሎም «ባለሙያ ካላችሁ አምጡና ለሱ ላስረዳው።»

ባለሙያ ካላችሁ! ካሜራው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ! «ከመደርደሪያው አንዱን አውርደው እርስዎ ራስዎ ይዩት» አልኩት። አላወረደም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። አዋጁ አለ። እዚያ ግድግዳ ላይ ግን የተለጠፈው የሰውዬው ወረቀት ነው። ለአንዲት ትሪገር ስንት ቀን ልመላለስ? ሥራዬን ማን ይሠራልኛል?

ይሄ ደግሞ የመጀመሪያዬ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ «ኦሪጅናል» ተብለው የተሸጡልኝ ድንጋዮች አንድ ልደት ሳይጨርሱ ሞተዋል። ፍላሹ ብቻውን አራት ድንጋይ ይበላል እኮ! አንድ ጓደኛዬ ደግሞ የዮንግኑኦ ፍላሽ ከሌላ ኩባንያ፣ ከጎዶክስ ትሪገር ጋር አብረው ሸጠውለት፣ ሁለቱ በሬዲዮ የማይግባቡ መሆናቸውን ያወቀው ሥራ ቦታ ቆሞ ነው። ሁላችንም የምንማረው ሰው ሠርግ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዶላሩ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ደግሞ ተሳስተህ የገዛኸውን ዕቃ በሌላ መተካት የማይታሰብ ሆኗል። 57 ብር ገደማ የነበረ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ፣ ፈረንጆቹ «ርካሽ» የሚሉት ፍላሽ እኛ ዘንድ የወራት ደመወዝ ሆነ። ዋጋውን እሺ፣ ነጋዴውም ከየት ያምጣ። መጠየቅ ግን ምንዛሪ አይፈልግም!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ ቅዳሜ ዕለት መፍትሔው ፍላሹ ላይ ነበር። እንደ ጎዶክስ ቲቲ600 ያሉት ፍላሾች ኤስ1 እና ኤስ2 የሚባል ነገር አላቸው፤ የሌላ ፍላሽ ብርሃን ሲያዩ አብረው ይበራሉ። የካሜራዋን ትንሽ ፍላሽ ከፍቼ ጃንጥላው ሥር ያለውን ኤስ2 ላይ ባደርገው ያለ ምንም ትሪገር ይሠራልኝ ነበር። ኤስ2 የሚሆነው ካሜራው ለመለካት ቀድሞ የሚያበራትን ብልጭታ ስለሚዘላት ነው። ይህንን ጓደኛዬ በሁለት ደቂቃ አሳየኝ። ሻጩ ይህቺን ቢነግረኝ ትሪገሩን አልገዛም ነበር። ለካ ለዚህ ነው!

በእርግጥ ኤስ2 ሁሉ ቦታ አይሆንም። ፀሐይ ላይ ፍላሹ ብልጭታውን ላያይ ይችላል፣ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ እንግዳ ሁሉ ፍላሹን ሲተኩስ የእኔም አብሮ እየበራ ድንጋዩን ይጨርስብኛል። እሱን እችለዋለሁ። የማልችለው ያንን «ባለሙያ አምጡ» ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬ ላይ አለ። ወንድሜ እንኳ ታክሲ ውስጥ «ተይው በቃ» አለኝና ራሱ መተው አቅቶት እስከ ቤት ድረስ ጥርሱን ሲነክስ መጣ።

አሁን ደክሞኛል። የቀለበቱ ፎቶ ገና አልታረመም፣ የሰው ፊት በኮምፒውተር እየጎተትኩ ከጨለማ ላወጣ ነው።

ለእሁድ መሀሉ ነጥብ ያለው ካሜራ የሚያከራየኝ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ 600ዲም ይሁን 700ዲ። ክርስትና አለብኝ፣ እዚያው ቤተሰብ ዘንድ ነው። እኚያ አክስትም ይመጣሉ።