ማስቶዶንሳውረስ አዞ አይደለም

ስለ ጥንታዊው እንስሳ ማስቶዶንሳውረስ የወጣው ጽሑፍ ደስ ይላል፤ ነገር ግን እንስሳውን «የአዞ ቅድመ አያት» ማለቱን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ከ240 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዛሬዋ ጀርመን ምድር ይኖር የነበረው ይህ ግዙፍ ፍጡር እንቁራሪት አስተኔ ነው። ከአንድ ሜትር የሚበልጠው የራስ ቅሉ ቅርጹ አዞ ቢመስልም፣ መመሳሰሉ የመጣው ከአኗኗር እንጂ ከዘር አይደለም፤ ሁለቱም ውኃ ውስጥ አድፍጠው የሚያድኑ ናቸው።

ስሕተቱ የቆየ ነው። ጀርመናዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ዬገር በጀርመኗ ጋይልዶርፍ ከተማ የተገኘውን ጥርስ እ.ኤ.አ. በ1828 ማስቶዶንሳውረስ ብሎ ከተሳቢዎች መደበው። የራስ ቅሉን የኋላ ክፍል ግን ሳላማንድሮይደስ ብሎ ከእንቁራሪት አስተኔዎች ጋር አኖረው፤ ከአንገት አጥንት ጋር የሚገጥሙ ሁለት ጉብታዎች አይቶበታልና። ተሳቢዎች ያላቸው አንድ ብቻ ነው። ሁለቱ ቅሪቶች የአንድ ዓይነት እንስሳ መሆናቸው የታወቀው ኋላ ላይ ነው፤ ትክክለኛውን ምድብ የጠቆመውም አስፈሪው ጥርስ ሳይሆን ያ የማያምር አጥንት ነው!

ዛሬ ቴምኖስፖንዲል በሚባለው ሰፊ የጥንት እንስሳት ወገን፣ ካፒቶሳውሪያ በተባለው ንዑስ ቡድን ውስጥ ይመደባል። በጥርስ መዋቅር ላይ የተመሠረተውን «ላቢሪንቶዶንት» የሚለውን የቀድሞ ምድብም ጸሐፊው ቢተወው እመክራለሁ፤ የተጠማዘዘ የጥርስ ውስጣዊ መዋቅር በጥንት ዓሦችም ላይ ስለሚገኝ ዝምድናን አያረጋግጥም።