ማስተካከያ፦ ኤሌክትሪክ መንተባተብን አላዳነም

ባለፈው «መንተባተብ በኤሌክትሪክ ዳነ» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። አንዲት እናት ከደብረ ብርሃን ደውለው «ልጄን የት ልውሰደው?» ሲሉኝ ክው አልኩ። ልጁ ዳቦ ሊገዛ ሄዶ «ዳ... ዳ...» ሲል ሰው ይስቅበታል፤ ባዶ እጁን ይመለሳል።

እውነቱ ይኸው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦክስፎርድ ጥናት ያየው 30 አዋቂ ወንዶችን ነው። ግማሾቹ ለ5 ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ፣ ከራስ ቅል ውጭ 1 ሚሊአምፔር ኤሌክትሪክ ተሰጣቸው። ቀሪዎቹ የማስመሰያውን፣ ማለትም እውነተኛውን የሚመስል ግን የማያክም ነገር፣ አገኙ። ሁሉም ግን የንግግር ልምምድ ይሠሩ ነበር፤ ለምሳሌ ከሌላ ሰው ጋር እኩል ማንበብ። ኤሌክትሪኩን ያገኙት መንተባተባቸው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከ6 ሳምንት በኋላ ለውጡ በንባብ ላይ ታየ፤ በጭውውት ላይ ግን አልዘለቀም።

ጥናቱ ልጆችን አላካተተም። እባካችሁ፣ ቤት ውስጥ በባትሪ እንዳትሞክሩት።